ዋንዛው የወደቀበት ቅዳሜ

«ቀዩ ሻሽ ከፍ ሲል እጎትታለሁ፤ ዝቅ ሲል እቆማለሁ። ከዚያ ውጭ የማንንም ጩኸት አልሰማም» አለ ኢስሐቅ፣ ከአይሱዙው ጋቢና አንገቱን አውጥቶ። «ገባሽ ሲቲ?»

«ገብቶኛል አባዬ።»

«እስኪ ድገሚልኝ።»

«ከፍ ሲል ትጎትታለህ፣ ዝቅ ሲል ትቆማለህ። ሦስት ጊዜ አስደገምከኝ እኮ! ከሚኒስትሪ ፈተና አስበለጥከው።»

ኢስሐቅ ፈገግ አለና አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። ሲቲም ሳቀች፤ ግን የሳቀችው ለይምሰል ነው። የእናቷን ቀይ ሻሽ ላብ በያዘው እጇ ጨብጣ፣ ሽንኩርቱ ባለፈው ሳምንት ከተነቀለበት የታችኛው ማሳ ዳር ቆማለች። ከግራዋ ትልቁ ዋንዛ አለ፤ ከቀኟ ደግሞ ፊቱን ወደ ማሳው ያዞረው የአባቷ አይሱዙ። ከዋንዛው አናት የተነሳው ወፍራም ገመድ ከመኪናው ኋላ ታስሯል። ሹፌሩ ከጭነቱ ሳጥን በስተጀርባ የሚሆነውን ማየት አይችልም። በስፖኪዮው የምትታየው እሷ ብቻ ናት።

ለዚህ ሥራ የመረጣት ዛፍ ቆራጩ ጋሽ ደሳለኝ ነው። «ጎረምሳ ካቆምን እያንዳንዱ አዛዥ ልሁን ይላል። ይቺ ልጅ የተባለችውን ታደርጋለች» ብሎ ነበር። ቀጥሎም ወደ እሷ ዞሮ፣ «ገመዱ አጠገብ እንዳትደርሺ። ከተበጠሰ ሰው ይቆርጣል» አላት። ከዚያ ወዲህ ሲቲ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽታ ነው የቆመችው።

ዋንዛው የኢስሐቅ ነው፤ አባቱ የተከሉት። ጥላው ግን የጎረቤቱ የትርንጎ ነበር። ከግንዱ እስከ እትዬ ትርንጎ ቤት ስምንት እርምጃ አይሞላም። ሥሩን ምስጥ ከበላው ወዲህ ዛፉ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ማዘንበል ጀመረ፤ በቀደም ለታ ደግሞ ነፋስ አንድ ቅርንጫፍ ገንጥሎ ቆርቆሮው ላይ ጣለው። ክረምቱ ሳይገባ መቆረጥ አለበት ተባለ። ዝም ብሎ ቢቆረጥ የሚወድቀው ቤቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ደሳለኝ ሲቆርጥ ኢስሐቅ በመኪና ወደ ማሳው ሊጎትተው ተስማሙ። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የትርንጎ ኑሮ በሙሉ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው ልጇን ሜላትን ያሳደገችው።

ትናንት ከሰዓት ኢስሐቅ፣ «ለማንኛውም ዕቃውን እናውጣልሽ?» ብሏት ነበር።

«ምን ሲደረግ!» አለች ትርንጎ። «ቤቱ በቁሙ ሳለ ዕቃ ማውጣት ሟርት ነው። ሰውስ ምን ይላል? ጎረቤቷን አላመነችውም አይልም? አንተ የያዝከው ነገር መቼ ተበላሽቶ ያውቃል?»

ሜላት፣ «እማዬ፣ የስፌት መኪናውን እንኳ…» ስትል እናቷ በዓይኗ ገረፈቻትና ዝም አለች። ኢስሐቅም ደግሞ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ራሱን የተጠራጠረ ይመስላል። ዕቃው ቢወጣ እንደሚሻል ሁለቱም በልባቸው ያውቁ ነበር፤ ይሉኝታ ይዟቸው በአፋቸው ሌላ ተስማሙ። ከቤቱ የወጡት እናትና ልጅ፣ ሁለት ፍየልና አንድ ጃንጥላ ብቻ ናቸው።

ሲቲን ያላባት ግን የዛፉ ነገር ብቻ አልነበረም። ትናንት ሌሊት የመስኖው ተራ የእነሱ ነበር። እናቷ ለለቅሶ ወደ ግራና ከተማ ሄዳለች፤ አባቷ ጭነት ይዞ ወልድያ ነው ያደረው። ከመሄዱ በፊት አጥብቆ ነግሯታል፤ «የላይኛው ማሳ ውሃውን ይጠጣ። ጎህ ሲቀድ ግን ቦዩን ድፈኚው። ካልተደፈነ ወደ ታችኛው ማሳ ይወርዳል። መኪናውን የማቆመው እዚያ ነው።»

ሲቲ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ከሒሳብ ጋር ስትታገል እንደምታመሽ ታውቅ ነበር። ስለዚህ የሜላትን እጅ ያዘች። «ሜሉ፣ ቦዩ ያለው እናንተ ደጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ድፈኚልኝ፤ ወላሂ አልነሳም።»

«ሁለት አካፋ አፈር አይደል እንዴ? ጣጣ የለውም፤ ተኚ» አለች ሜላት።

ጠዋት ስትጠይቃት ሜላት ጸጉሯን እያበጠረች ነበር። «ደፈንሽው?» «አዎ ባክሽ፣ ድሮ!» ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። ሲቲ ግን ይህን ልብ ያለችው አሁን፣ ማሳው ዳር ቆማ ነው። አባቷ ከወልድያ ሲደርስ፣ «ቦዩን ደፈንሽ?» አላት። «ሜላት ደፍናልኛለች» ብትለው፣ «ሥራሽን ለሰው ሰጠሽ?» የሚል ቁጣ ይከተላል። ሲቲ አጭሩን መንገድ መረጠች።

«አዎ፣ ደፍኜዋለሁ።»

ኢስሐቅ ልጁን ስላመነ መሬቱን አልረገጠውም። ማሳውን ከዳር እስከ ዳር የደረቀ የሽንኩርት ቅጠል ለብሶታል፤ ላየው ሰው ደረቅ ነው።

ሥራው በዱዓ ተጀመረ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሸህ ኡበይደላ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያ ረቢ፣ ያለ ጉዳት አሳልፈው» አሉ። የተሰበሰበው ሰው «አሚን!» አለ። ትርንጎም አማተበችና «አሜን» አለች። ደሳለኝ የሞተር መጋዙን አስነሳ። መጀመሪያ በማሳው በኩል ግንዱን አፍ ከፈተለት፤ ቀጥሎ ዞሮ በቤቱ በኩል ከጀርባው ይቆርጥ ጀመር። ግራ እጁን ወደ ሲቲ አነሳ። እሷም ሻሹን ከፍ አደረገች።

አይሱዙው አጓራና ትንሽ ወደፊት ሄደ። የላላው ገመድ ተወጠረ። ሰው አጨበጨበ። ሲቲ ልቧ ቀለል ሊላት ሲል ዓይኗ የፊተኛው ጎማ ላይ አረፈ። የደረቀው ቅጠል ወደ ታች ሰመጠ፤ ከጎማው ሥር ቡናማ ውሃ ብቅ አለ።

ዞራ ሜላትን ፈለገቻት። ሜላት ከእናቷ ጋር መንገዱ ዳር ቆማለች፤ ውሃውን እሷም አይታዋለች። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ ሜላት አቀረቀረች። ሲቲ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ሻሹን ዝቅ አደረገች። አባቷ እንደተስማሙት ወዲያው ቆመ።

«ጋሽ ደሳለኝ! ይቁሙ! መሬቱ ርጥብ ነው!»

መጋዙ ድምፅዋን ዋጠው። ደሳለኝ አጎንብሶ እየቆረጠ ነው። ወደ እሱ እንዳትሮጥ ገመዱ አለ፤ ወደ አባቷ እንዳትሮጥ ደሳለኝ ቀና ሲል ምልክት ሰጪ ያጣል። «ይቁሙ!» ብላ እንደገና ጮኸች፤ ጉሮሮዋ እስኪነቃ ጮኸች። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ደስታ ያስጮኻት መስሏቸው ሳቁ።

መጋዙ በድንገት ጸጥ አለ። አጥፍቶት አይደለም። የተቆረጠው ቦታ መከፈት ሲገባው ተመልሶ ገጠመና መጋዙን ነክሶ ያዘው። ደሳለኝ ዛፉ ወደ ቤቱ እያጋደለ መሆኑን አወቀ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ምን ነካሽ አንቺ! አንሺው! ይጎትት!»

ሲቲ ከዚያ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ሻሹን አነሳችው።

ኢስሐቅ ነዳጅ ሰጠ። የኋላ ጎማዎቹ እዚያው እየተሽከረከሩ ጭቃ በሰው ላይ ረጩ። መኪናው ወደፊት አልሄደም። ወንዶቹ ግር ብለው ሮጡ፤ ድንጋይ ያቀበለ፣ አገዳ ያነጠፈ፣ በትከሻው የገፋ ነበር። ሸህ ኡበይደላ ጋቢያቸውን አውልቀው ከጎማው ሥር ጎሰጎሱት፤ ጎማው ጋቢውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ቀበረው። ደሳለኝ የእንጨት ሽብልቁን በቁርጡ ውስጥ እየሰነቀረ በመዶሻ ይመታል። አንድ ሲመታ ዛፉ ይንቋቋል። አይሱዙው ሞተሩ እያጓራ፣ ማርሹ ወደፊት ተይዞ፣ ስንዝር በስንዝር ወደ ኋላ ይንሸራተት ጀመር።

ሲቲ ሻሹን ከፍ አድርጋ እንደያዘች ነው። አባቷ በስፖኪዮው እያያት ነዳጅ ይሰጣል፤ እሷም እያየችው ክንዷን አታወርድም። ሁለቱም የተባለውን በትክክል እያደረጉ ነው፤ ምንም የሚለወጥ ነገር ግን የለም። ክንዷ ዛለ። ያ ረቢ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ወደፊት። እንዲህ ያለ አቅም ማጣት በሕይወቷ ገጥሟት አያውቅም ነበር።

«ሽሹ!» አለ ደሳለኝ። መዶሻውን ጥሎ ሮጠ።

ገመዱ ተበጠሰ። ዋንዛው ወዲያው አልወደቀም፤ የሚያስብ ይመስል ቆም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ማንም ሊይዘው ሳይችል ቆርቆሮው ላይ ተኛ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ገባ። አቧራው ተነስቶ መንገዱን ሸፈነው።

መጀመሪያ የተሰማው የትርንጎ ድምፅ ነው። «ፍየሎቹ አሉ?»

«አሉ እማዬ» አለች ሜላት።

«ተመስገን» አለች ትርንጎና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም አዋቂ ሆነ። አንዱ ገመዱ ቀጭን ነበር አለ። ሌላው ቀድሞ ቅርንጫፉ መመልመል ነበረበት አለ። የብዙዎቹ ጣት ግን ወደ ሹፌሩ ዞረ። «የሃያ ዓመት ሹፌር መሬት ረግጦ ሳያይ መኪና ያስገባል?» «ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንቅልፍ ይዞት ይሆናል።» «ዛፉም የራሱ፣ መኪናውም የራሱ፤ የፈረሰው ግን የምስኪኗ ቤት!»

ኢስሐቅ ይህን ሁሉ እየሰማ ከጋቢናው ወረደ። ትርንጎ ፊት ሲደርስ፣ «ትርንጎ…» ብሎ ቀረ።

«አብሽር፣ ነፍስ ተርፏል» አለችው፤ እሷ ተጎድታ እሱን አጽናናችው። ኢስሐቅ ፊቱን አዞረ። ሲቲ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ አሁንም እንዳታይ ቶሎ አቀረቀረች።

ወንዶቹ ከፍርስራሹ የስፌት መኪናውን አወጡ። መርገጫው ደህና ነው፤ የመኪናው ራስ ግን ለሁለት ተከፍሏል። ተቆርጠው የተደረደሩት ሰማያዊ ዩኒፎርሞች ጭቃና ስብርባሪ ውስጥ ገብተዋል። ሲቲ አንዱን አነሳችና አራገፈችው። የአንድ ትንሽ ልጅ ሸሚዝ ነው፤ እጅጌ ገና አልገባለትም።

ሜላት ክንዷን ይዛ ከአይሱዙው ኋላ ወሰደቻት።

«አትንገሪብኝ ሲቲ። በእመቤቴ!»

«ደፍኜዋለሁ አላልሽኝም?»

«ተኛሁ እኮ! ከእንቅልፌ ስነሳ ፀሐይ ወጥታለች። ስትጠይቂኝ አፈርኩ፤ ቆይቼ ሄጄ እደፍነዋለሁ አልኩ። ከዚያ ሰው መጣ፣ እማዬ አዘዘችኝ፣ ረሳሁት። ውሃው እስከዚህ ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም።» እንባዋ ፈሰሰ። «የገዛ ቤታችንን አፈረስኩት። እማዬ ይህን ብትሰማ ምን ይውጠኛል?»

ሲቲ ልትጮህባት ፈልጋ ነበር። አባቴን ሰው ሲሰድበው እየሰማሽ ነው ልትላት ፈልጋ ነበር። ግን የዛሬ ማታ መተኛ የሌላትን ልጅ ምን ብለው ይቆጧታል? ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ሜላት የዋሸችው ለእሷ ነው፤ ለአባቷ የዋሸችው ግን ራሷ ሲቲ ናት። ክንዷን አስለቅቃ ሄደች።

መኪናውን ከጭቃው ለማውጣት የሚቆፍሩት ሰዎች ከቅጠሉ ሥር ውሃው አሁንም እንደሚንቆረቆር አዩ። ዱካውን ተከትለው ወጡ። ቦዩ አፉን ከፍቶ ቆይቷል። አንድ አካፋ አፈር እንኳ አልተጣለበትም።

በእነሱ መስኖ የውሃ ጥፋት በፍርድ ቤት አይታይም። የውሃ አባቱ ሰዉን ቦዩ ዳር ይሰበስባሉ፤ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ያመነ የሚቀጣው አንድ ተራ ውሃ ብቻ ነው። ከሦስተኛው በኋላ የተገኘበት ግን ቃሉን ከዚያ ወዲያ የሚያምንለት የለም። አንድ ተራ ውሃ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ኢስሐቅ አዲስ የተከለው የቃሪያ ችግኝ ሁለት ሳምንት ያለ ውሃ አይዘልቅም።

ከዙህር ሶላት በኋላ ተሰበሰቡ። ሸህ ኡበይደላ ጋቢያቸው ጭቃ ውስጥ ስለቀረ በሸሚዝ ብቻ ናቸው። ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሜላት ከኋላዋ።

«ይህን ቦይ ክፍት የተወው ማን ነው?»

የቦዩ ውሃ ብቻ ይሰማል።

«ሁለተኛ እጠይቃለሁ። ክፍት የተወው ማን ነው?»

ኢስሐቅ እጁን አነሳ። «ተራው የኔ ነበር ሸህ። እኔ ነኝ።»

«አንተ ወልድያ ነው ያደርከው። ጠዋት ስትገባ አስፋልቱ ላይ ሰላም ተባብለናል» አሉት ሸህ ኡበይደላ።

«ቢሆንም የቤቱ አባወራ እኔ ነኝ። በእኔ ይያዝልኝ።»

ወደ ልጁ አላየም። ሲቲ ገባት። ቦዩን ማን መድፈን እንደነበረበት አባቷ ያውቃል፤ ጠዋት ምን ብላ እንደመለሰችለትም አልረሳም። አውቆ ነው የሚሸፍናት። ሰዉ ሲያጉረመርም ሰማች፤ «ይኸው፣ ብያችሁ አልነበር?» አለ አንዱ። አንዲት ቃል፣ ሜላት የምትል አንዲት ስም፣ ይህን ሁሉ ከአባቷ ላይ ታነሳ ነበር። ትርንጎ ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቤቷ ፈርሶ የቀራት ልጇ ብቻ ናት። ዝም ብትልም አይሆንም፤ ብትናገርም አይሆንም። የትኛውም ቤቱን አያቆመውም።

ሸህ ኡበይደላ ለሦስተኛ ጊዜ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሲቲ ከሰው መሃል ወጣች።

«ቦዩን መድፈን የእኔ ሥራ ነበር» አለች። ድምፅዋ ሻክሮ ነበር የወጣው። «አልሄድኩም። ተኝቼ ነበር። ጠዋት አባዬ ሲጠይቀኝ ደፍኜዋለሁ አልኩት። አምኖኝ ነው መኪናውን ያስገባው።»

ጉርምርምታው ቆመ። ኢስሐቅ ያነሳውን እጅ ቀስ ብሎ አወረደ። ትርንጎ ቀና ብላ አየቻት፤ እንደዚያ አድርጋ አይታት አታውቅም። ሲቲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

«ሳትደፍኚው ደፍኜዋለሁ ያልሽው ለምንድን ነው ልጄ?» አሉ ሸህ ኡበይደላ በለሰለሰ ድምፅ። «ተደፍኗል ያለሽ ሰው ነበር?»

ከትርንጎ ጀርባ ሜላት ትንፋሿን ይዛ እንደቆመች ሲቲ ሳታይም ታውቀዋለች።

«ሥራው የእኔ ነበር፣ ሸህ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አልናገርም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሰዉ መልሰው፣ «ሦስተኛው ጥያቄ ገና አልተጠየቀም። ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ።

ሲቲ ጭቃ በጠጣው ጫማዋ ላይ ዓይኗን ተከለች። ሰው ዓይኗን ተከትሎ ማን ጋ እንደሚደርስ ታውቃለችና፣ ቀና አላለችም።